«ፓርደን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ አማርኛው «ይቅር»

በከተማችን ወጣቶች አንደበት ከሚሰሙት የባዕድ ቃላት አንዱ «ፓርደን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የሰው እግር የረገጠ «ፓርደን» ይላል፤ የተነገረውን ያልሰማ «ፓርደን» ይላል፤ በሰው መካከል ያስነጠሰውም እንዲሁ። ይህን የምጽፈው ቃሉን ለመንቀፍ አይደለም። ቃል እንደ እንግዳ ነው፤ በክብር ከገባ በክብር ይስተናገዳል። ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ ከወዴት እንደ መጣና የማን ልጅ እንደ ሆነ መጠየቅ የአገር ልማድ ነው። ይልቁንም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጕሙ ሰዎች ይህን ቃል ባገኙት ቍጥር ያለ ምርመራ «ይቅርታ» እያሉ ሲያልፉት አያለሁ። ቃልን በቃል መለወጥ ገና መተርጐም እንዳይደለ ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። ዘመኖቹን፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

ቃሉ ለእንግሊዞችም ቢሆን የቤት ልጅ አይደለም። ከፈረንሳይኛ ተቀብለውታል፤ ፈረንሳዮችም ከኋለኛው ዘመን ላቲን ወርሰውታል። በላቲን «ፔር» ፈጽሞ ማለት ነው፤ «ዶናሬ» መስጠት ማለት ነው፤ እንግዲህ የቃሉ ዘር «ፈጽሞ መስጠት» ይሆናል። እንግሊዞች ከጥንት የራሳቸው የሆነው «ፎርጊቭ» የሚባለው ቃል ደግሞ የዚህኑ የላቲን ቃል አምሳል ይዞአል፤ በውስጡም መስጠት የሚለው ግሥ «ጊቭ» በግልጥ ይታያል። በእነርሱ ዘንድ ይቅርታ ስጦታ ነው ማለት ነው። ስጦታ ከሆነም ሰጪ አለው፥ ተቀባይ አለው፤ ሰጪው ባለጠጋ ነው፥ ተቀባዩ ችግረኛ ነው።

በእኛ መጻሕፍት የነገሩ ዘር ሌላ ነው። ግእዙ በአቡነ ዘበሰማያት «ኀደገ» በሚለው ግሥ ይናገራል፤ ኀደገ ተወ ማለት ነው። ካህኑ ተነሳሒውን ሲያሰናብት «ይፍታህ» ይለዋል፤ ይህም ከእስራት መልቀቅ ነው። አማርኛው ደግሞ «ቀረ» ከሚለው ተነሥቶ «ይቅር» ይላል። መስጠት፥ መተው፥ መፍታት፥ መቅረት፤ አራቱም ወደ አንድ ቤት ያደርሳሉ፥ በራቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። በእንግሊዝኛው በር የሚገባ ሰው እጁን ለመቀበል ዘርግቶ ይገባል፤ በአማርኛው በር የሚገባ ሸክሙን በደጅ አስቀርቶ ይገባል።

እንግሊዞች ራሳቸውም ሁለቱን ቃላቸውን አያደባልቁም። በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ፓርደን» በብሉይ ኪዳን፥ ከኦሪት ጀምሮ እስከ ነቢያት፥ ተመላልሶ ይገኛል። በሐዲስ ኪዳን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም፤ በዚያ ያለው «ፎርጊቭ» እና እርሱን የመሰለው ነው። ለእንግሊዛዊ ጆሮ «ፓርደን» የዙፋንና የአደባባይ ድምፅ አለው፤ «ፎርጊቭ» የቤትና የልብ ነው። ባል ሚስቱን «ፎርጊቭ» ያደርጋታል እንጂ «ፓርደን» አያደርጋትም፤ አድርጌአታለሁ ቢል በምሳ ገበታ ላይ ዙፋን የዘረጋ ይመስልበታል። እንግዲህ ሁለቱንም «ይቅርታ» ብሎ የተረጐመ ሰው ገና ከመነሻው አንድ ደረጃ አፍርሶአል።

በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጄፍሪ ቾሰር በጻፈው «የካንተርበሪ ተረቶች» በተባለው መጽሐፍ፥ ወደ ካንተርበሪ ከሚሄዱት ተሳላሚዎች መካከል ሥራው በዚህ ቃል የተሰየመ አንድ ሰው አለ፤ «ፓርደነር» ይባላል። በዚያ ዘመን የሮማ ቤተ ክርስቲያን ንስሓ የገባ ሰው ሊቀበለው የሚገባውን ጊዜያዊ ቅጣት የምታቀልበት ደብዳቤ ነበራት። በትምህርቷ መሠረት ደብዳቤው የሚያነሣው ቅጣቱን እንጂ ኀጢአቱን ራሱን አይደለም። ፓርደነር ማለት ይህን ደብዳቤ ይዞ በየአገሩ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ነው። የቾሰር ፓርደነር ከረጢቱ ከሮማ በመጣ ይቅርታ እስከ አፉ ተሞልቶአል፤ ባለቅኔው ገና ትኩስ ነው እያለ ይቀልድበታል፥ ከምጣድ አሁን እንደ ወጣ እንጀራ። የአሳማ አጥንት በመስተዋት ይዞ የቅዱሳን ዐፅም ነው ይላል። ስብከቱ ዘወትር በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር መሆኑ ነው። የሚሰብከውም ገንዘብ ለማግኘት እንደ ሆነ ለመንገድ ጓደኞቹ ራሱ ሳያፍር ይነግራቸዋል።

ከዚያም ሞትን ፈልገው ሊገድሉ ስለ ወጡ፥ በሞት ፈንታም ወርቅ ስላገኙና ስለ ወርቁ እርስ በርሳቸው ስለ ተላለቁ ሦስት ጎበዞች ይተርካል። ተረቱ ድንቅ ነው፤ ክፉ ሰው መልካም ስብከት ሊሰብክ መቻሉን ቾሰር አልሸሸገም። ተረቱ ካለቀ በኋላ ግን ፓርደነሩ ተንኰሉን አስቀድሞ የነገራቸውን እነዚያኑ ሰዎች ኑና ይቅርታ ግዙ ይላቸዋል። የእንግዳ ማረፊያው ጌታ በጸያፍ ስድብ ይመልስለታል፤ ፓርደነሩ በቍጣ ዲዳ ይሆናል፤ በመጨረሻ አብሮአቸው የሚጓዘው ፈረሰኛ መካከል ገብቶ አስታርቆ ያሳስማቸዋል። ይህን ያነበበ አንዳንድ ሰው የሃይማኖት ክርክር ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር አይበታለሁ። ይቅርታን በከረጢት ሞልቶ የሚዞረው ሰው በሰው ፊት ተዋርዶ ራሱ ዕርቅ አስፈለገው፤ ያገኘውም ከከረጢቱ አይደለም፥ ዋጋም አልከፈለበትም።

ስለ ቃሉ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ግን ሼክስፒር በ1595 ገደማ በጻፈው፥ በ1597 በታተመው «ዳግማዊ ሪቻርድ» በተባለው ድርሰት በአምስተኛው ገቢር ያለው ትዕይንት ነው። ሄንሪ የአጎቱን ልጅ ንጉሥ ሪቻርድን አውርዶ ዙፋኑን ይዞአል። የሁለቱም አጎት የሆነው የዮርክ መስፍን ለአዲሱ ንጉሥ ገብቶአል፤ ልጁ ኦመርል ግን አዲሱን ንጉሥ በኦክስፎርድ ለመግደል ከተማማሉት ሰዎች አንዱ ነው። አባት በልጁ ደረት ላይ የደብዳቤ ማኅተም ተንጠልጥሎ አየ፤ ነጥቆ አነበበ፤ ጫማውን አስመጥቶ በፈረስ ገሠገሠ፥ የገዛ ልጁን ሊከስስ። ልጁ ቀደመው፤ እናትም በኋላቸው ደረሰች። ሦስቱም በንጉሡ ፊት ተንበረከኩ፤ ልጅ ስለ ራሱ፥ እናት ስለ ልጅዋ፥ አባት በልጁ ላይ።

እናት የምትፈልገው ያን አንድ ቃል ነው። ንጉሡ እንድትነሣ ደጋግሞ ያዝዛታል፤ እርስዋ ግን ቃሉ ሳይነገር ጕልበትዋን ከምድር አታነሣም። ንጉሡን በሕፃንነቱ አፍ ያስፈታችው እርስዋ ብትሆን ኖሮ ከቃል ሁሉ አስቀድማ የምታስተምረው ይህን እንደ ነበረ ትናገራለች። በዚህ ጊዜ መስፍኑ ጣልቃ ይገባና ንጉሡ ቃሉን በፈረንሳይኛ እንዲናገረው ይመክራል። በፈረንሳይኛ «ፓርዶኔ ሙዋ» ማለት፥ ከሚለምን ሰው ጋር ሲሆን፥ በትሕትና እምቢ ማለት ነው። ስለዚህ አባት የሚለው፥ ቃሉን ስጣት፥ ነገሩን ከልክላት ነው። እናት ይህን ሰምታ ቃልን በገዛ ራሱ ላይ ታስነሣለህን ብላ ባሏን ትወቅሳለች፤ የምትለምነውም በአገርዋ ቋንቋ የሚነገረውን ቃል መሆኑን ታስረዳለች። የአንድ ሰው ሕይወት በአንድ ቃል ሁለት ትርጕም መካከል ተንጠልጥላ ቆመች።

ይህን ትዕይንት ወደ አማርኛ ለመመለስ ያሰበ ሰው ምን ያደርጋል? «ምሕረት» ቢል የንጉሡ ግርማ ይጠበቅለታል፤ ምሬዋለሁ ማለት የንጉሥ ቃል ነውና። የመስፍኑ ተንኰል ግን ይጠፋበታል፥ ምሕረት እምቢታን አይሸከምም። «ይቅርታ» ቢል የዛሬ ከተሜ «ይቅርታ፥ አይሆንም» ስለሚል ተንኰሉ በጥቂቱ ይድናል፤ ነገር ግን ይቅርታ ከለማኝ አፍ እንጂ ከዙፋን ሲወርድ ይቀላል። ብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ መድኀኒቱን በሥሩ አገኘሁት። አማርኛ ተናጋሪ «በደሉ ይቅር» ሲል ማረ፤ «ጉዞው ይቅር» ሲል ከለከለ። እናት «ንጉሥ ሆይ፥ ይቅር ይበሉት» ብላ ስለ ልጅዋ ትለምናለች፤ አባትም «ንጉሥ ሆይ፥ ልመናዋንም ይቅር ይበሉት» ይላል። ከቃሉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ በአንዱ ራስ ይድናል፥ በአንዱ ራስ ይቈረጣል። የእንግሊዙ ባለቅኔ ለዚህ ጨዋታ ከፈረንሳይ ቃል መበደር አስፈለገው፤ ለእኛ በቤታችን ነበረ። ደስ ማለቴን አልሸሽግም።

አንዳንድ ተቺዎች ይህ ትዕይንት ከተቀረው ድርሰት ክብደት የወረደ ነው ብለው ይነቅፉታል። በሩ ይንኳኳል፥ ይዘጋል፥ ሦስት ሰው ይንበረከካል፥ ግጥሙም ቤት እየመታ እንደ ተረት ይፈስሳል፤ ንጉሡ ራሱ ጨዋታው ስለ ለማኝና ስለ ንጉሥ ወደሚነገረው ተረት ተለወጠ ብሎ ፈገግ ይላል። እውነት ነው፥ ያስቃል። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ማየት ያስፈልጋል። ንጉሡ ለኦመርል ቃሉን ሲሰጥ እግዚአብሔር እኔን እንዲምረኝ እኔም እምረዋለሁ በሚል መንፈስ ይናገራል። ከዚያ በኋላ በሚመጣው አጭር ትዕይንት ኤክስተን የተባለ ባላባት፥ ንጉሡ ከሕያው ፍርሃቱ የሚያሳርፈው ወዳጅ እንዲያገኝ መመኘቱን ሰምቻለሁ ብሎ የታሰረውን ሪቻርድን ሊገድል ይነሣል። የሳቁ ምክንያት ይህ ነው። ቃሉን የሚሰጠው እጅ ንጹሕ አይደለም፤ ድርሰቱም የሚያልቀው ንጉሥ ሄንሪ ደሙን ከእጁ ለማጠብ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ሲሳል ነው። ሰጪ የነበረው ለማኝ ሆነ። ትዕይንቱ ከክብደት ወረደ የሚሉት ሰዎች የመጨረሻውን ገጽ ሳይደርሱ የዘጉ ይመስለኛል።

መስፍኑ በተንኰል የተናገረው የፈረንሳይኛ ትሕትና በኋላ ዘመን በእንግሊዝኛም ሰለጠነ፤ ዛሬ በመንገድ የሚሰማው «ፓርደን» የዚያ ዘር ነው። «አይ ቤግ ዩር ፓርደን» ይቅርታህን እለምናለሁ ማለት ነው፤ ድምፁን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሲናገረው አልሰማሁም፥ ድገምልኝ ይሆናል፤ ዝቅ አድርጎ ሲናገረው በድያለሁ ይሆናል፤ እያንዳንዱን ቃል እየለየ በቀዝቃዛ ፊት ሲናገረው ግን ምን አልህ፥ ደፈርኸኝን ይሆናል። በ1954 አለን ሮስ የተባለ የቋንቋ መምህር የእንግሊዝ መኳንንት ከሌላው ሕዝብ በምን በምን ቃል እንደሚለዩ ሲጽፍ ይህን ቃል በተለየ አነሣው። መኳንንቱ ያልሰሙትን ለማስደገም «ምን?» ይላሉ፤ ሰው ሲነኩ «ሶሪ» ይላሉ፤ ሲያገሡ ወይም ስቅ ሲላቸው ዝም ይላሉ፤ በሦስቱም ቦታ «ፓርደን» የሚለው ከእነርሱ ወገን አይደለም። ናንሲ ሚትፎርድ የተባለችው ደራሲ ነገሩን አስፋፍታ ስለ ጻፈችበት ክርክሩ አገር ሁሉ ሆነ። እንግዲህ የእኛ ወጣት የሥልጣኔ ምልክት መስሎት የያዘው ቃል በትውልድ አገሩ ታላላቆቹ የሚጸየፉት ሆኖ ተገኘ። ስለ መኳንንቱ አነጋገር ብዙም አልጨነቅም። ይልቅ በእኛ አገር ያስነጠሰ ሰው ራሱ ምንም አይልም፤ አጠገቡ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። አንድ አፍንጫ ስለ ነዘረ ምሕረት ከላይ የሚለምን ቋንቋ በእንዲህ ያለ ቦታ መበደር አያስፈልገውም።

በሕግ ሸንጎ ግን ቃሉ ክብደቱን አልጣለም። ዘሩ ስጦታ መሆኑ ከመጽሐፍ ይልቅ በዚያ ይታያል። በአሜሪካ ጆርጅ ዊልሰን የተባለ ሰው በ1830 ፖስታ በመዝረፍ ሞት ተፈረደበት፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ከሞት ቅጣቱ ማረው፤ ዊልሰን ግን በፍርድ ቤት ፊት በዚህ ምሕረት ልጠቀም አልፈልግም አለ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1833 ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል ፈረደ፤ ይቅርታ እንደ ማናቸውም ስጦታ ደብዳቤ ካልተቀበሉት አይጸናም፥ ፍርድ ቤትም ሰውን በግድ ተቀበል ሊለው አይችልም። በ1915 ይኸው ፍርድ ቤት በቡርዲክ ነገር አንድ ደረጃ ጨመረ፤ ይቅርታ በውስጡ የጥፋት ክስ እንዳለበት፥ የሚቀበለውም ጥፋቱን እንደ ማመን እንደሚቈጠርበት ተናገረ። በ1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ ከሥልጣን ለወረደው ለኒክሰን ይቅርታ በሰጡ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተቈጣ፤ ፎርድ ግን ከዚህ ፍርድ የተቀነጨበ ጽሕፈት በኪሳቸው ቦርሳ ይዘው ይዞሩ ነበር። ኒክሰን ወረቀቱን ሲቀበሉ ጥፋታቸውንም ተቀበሉ ብለው ያስቡ ነበርና።

በአገራችን ሕግም ለሁለት ነገር ሁለት ቃል ተመድቦአል። በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በጸናው ሕገ መንግሥት፥ ለተፈረደበት ሰው ርእሰ ብሔሩ የሚያደርገው «ይቅርታ» ይባላል፤ «ምሕረት» ደግሞ ወንጀሉን ራሱን የሚያስረሳው ነው። በ28ኛው አንቀጽ በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳይታለፍ ተከልክሎአል። ሕግ አርቃቂዎቹ ቃላቱን መለየታቸው መልካም ነው። እኔ ብጠየቅ ግን ስሞቹን አለዋውጣቸው ነበር። ጥፋቱን አስቀርቶ የሚሄደው «ይቅር» ነው፤ ጥፋቱ እያለ ለሰውየው የሚራራው ምሕረት ነው። የሆነ ሆኖ በሕግ ገብቶ የተተከለን ቃል የሰዋስው ሰው አይነቅለውም።

አሁን ቃሉ ወደ ደከመበት ስፍራ እደርሳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ስጦታ ካለ ሰጪ አለ፤ በደል ካለ በዳይ አለ። በዳዩ ሰጪው ራሱ ቢሆንስ?

ቲሞቲ ኤቫንስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ በለንደን በሪሊንግተን ፕሌስ በ10 ቍጥር ቤት ይኖር ነበር። በ1949 ሚስቱና ሕፃን ልጁ ጄራልዲን ታንቀው ተገኙ። ልጅህን ገደልህ ተብሎ ተፈረደበትና በ1950 ተሰቀለ። በችሎት ቆሞ የመሰከረበት በዚያው ቤት በምድር ቤት የሚኖረው ጆን ክሪስቲ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በክሪስቲ ቤት የብዙ ሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ የኤቫንስንም ሚስት መግደሉን አመነና በ1953 እርሱም ተሰቀለ። ሕዝቡ ዓመታት ከጮኸ በኋላ በ1966 በንግሥቲቱ ስም ለኤቫንስ ፓርደን ተሰጠው።

ለምን ጥፋት? ሰውየው ያለ ጥፋት የተሰቀለ ነው፤ የሰቀለው ደግሞ በዚያው ዘውድ ስም የተፈረደ ፍርድ ነው። ገዳይ ለሟች ይቅር ብዬሃለሁ አለው እንደ ማለት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ይህን ነውር ሳያውቀው አልቀረም። በ1984 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሲያስረዳ፥ ፓርደን ከፍርዱ የሚመጣውን ቅጣትና ጕዳት ያነሣል እንጂ ጥፋተኛ ነህ የተባለበትን ፍርድ አይሽርም፤ ያን የሚሽረው ፍርድ ቤት ብቻ ነው ብሎአል። ቾሰር በቀለደበት ደብዳቤ ላይ የነበረው ድንበር፥ ቅጣትን ማንሣትና በደልን አለማንሣት፥ ስድስት መቶ ዓመት ቈይቶ በሸንጎ ተገኘ። በ1953 የተሰቀለው ዴሬክ ቤንትሌይ በ1993 ለቅጣቱ ብቻ ፓርደን ተሰጠው፤ ቤተ ሰቡ ግን በዚያ አላረፉም፥ በ1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ራሱን ሻረው።

ተርጓሚው በዚህ ስፍራ «ይቅርታ ተደረገለት» ብሎ ከጻፈ አንባቢው ጥፋተኛ ነበረ ብሎ ያስባል፤ «ምሕረት ተደረገለት» ካለም ያው ነው። «ንጹሕነቱ ታወቀለት» ብሎ ከጻፈ ደግሞ እንግሊዞች ያልሰጡትን ሰጠ፥ እነርሱንም ከሚገባቸው በላይ አመሰገነ። እኔ ቃሉን ሳልተረጕም «የንግሥቲቱ ፓርደን ተሰጠው» ብዬ እተወዋለሁ። ቃል የሚደክምበትን ቦታ በሌላ ቃል መሸፈን የተርጓሚ ሥራ አይደለም፤ ድካሙም እንደ ቃሉ ሊነበብ ይገባዋል።

የኤቫንስ ቤተ ሰብ በ2004 ነገሩ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተመልሶ ፍርዱ እንዲሻር አመለከቱ። ዳኞቹ ሚስቱንም ልጁንም አለመግደሉን ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ነገሩን እንደገና ለማየት የሚፈጀው ወጪና ድካም አያስፈልግም ብለው ማመልከቻውን መለሱት። ፓርደኑም በመዝገብ አለ፤ ፍርዱም በመዝገብ ቀረ።